«ያለ ነገር አይያዝም»፦ ስለ ዝነኞች የወንጀል ችሎትና ስለ ዘገባው ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ዝነኛ ሰዎች በወንጀል ተከሰው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ መገናኛ ብዙኃን በሕዝብ አስተያየት ላይ አላቸው የሚባለው ኃይል ከመጠን በላይ ተጋኗል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የቀረበ፣ ጸሐፊውም የሚያምኑበትን በግልጽ ያስቀመጡበት በመሆኑ በዝምታ ላልፈው አልፈለግሁም። መከራከሪያቸው ባጭሩ ይህ ነው። በአገራችን ፍርድ የሚሰጠው ሕግ የተማረ ዳኛ እንጂ ከሕዝብ የተመረጠ ጁሪ ስላልሆነ ዘገባ የፍርዱን ውጤት አይነካም። ሕዝቡም የራሱ ኅሊና ስላለው መገናኛ ብዙኃን ስሜቱን ያንጸባርቃሉ እንጂ አይፈጥሩትም፤ የድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ዝነኛ ሰው ዝናውን ፈልጎ ያመጣው ስለሆነ ሲከሰስ ስሙ መነሣቱን ሊችለው ይገባል። ችሎት በቀጥታ በቴሌቪዥን ቢተላለፍ አሉባልታ ይጠፋል። በመጨረሻም በነፃ የተሰናበተ ሰው ዜናው ስለሚታረምለት የሚደርስበት ጉዳት የለም።

በመጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ጸሐፊው የችሎት ዘገባ በሕግ ይዘጋ የሚሉትን ሰዎች መቃወማቸው ትክክል ነው። ለዓመታት የችሎት ዜና ስዘግብ የኖርኩ በመሆኔ የተዘጋ በር ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ከታች እመለስበታለሁ። የማልስማማው ዘገባ ጉልበት የለውም በሚለው ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ከሰፈራችን ሳይርቅ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት አለ፤ በአብዛኛው ክሳቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰዎች የሚቆዩበት ቦታ ነው። ስንቅ የቋጠሩ እናቶች፣ ሚስቶችና እኅቶች ከእኛው ጋር በአንድ ታክሲ ይሳፈራሉ። የታክሲው ሬዲዮ ስለ አንድ ዝነኛ ተጠርጣሪ ሲያወራ ተሳፋሪው እየተቀባበለ ይፈርዳል፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ የሚዘጋው «ያለ ነገር አይያዝም» በሚል ቃል ነው። ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች እናት ያን ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር አይቻለሁ። ስለ ዝነኛው የተሰጠው ፍርድ በስም ለማይታወቀው ልጇም የሚተርፍ መሆኑን እርሷ ከማናችንም ይልቅ ታውቀዋለች። ስለ ዝነኞች ችሎት የምንሰማበት መንገድ ስለ ማንኛውም ተከሳሽ የምናስብበትን መንገድ ያስተምረናል፤ ጸሐፊው ያላዩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። በኢትዮጵያ ጁሪ አለመኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ዳኛም ማታ ቤቱ ሲገባ ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ሰው ይጠይቀዋል፤ ስልኩ ላይ የሚመጣው ነገር እኛ ስልክ ላይ ከሚመጣው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሥራ ላይ ያሉ ዳኞችን ለሙከራ በተዘጋጁ ጉዳዮች ፈትኖ ነበር። ዳኞቹ በማስረጃነት መቅረብ የለበትም ብለው ራሳቸው የከለከሉትን መረጃ እንኳ፣ ለመወሰን ሲቀመጡ ከአእምሯቸው ማውጣት በብዙ ሁኔታዎች ተስኗቸው ተገኙ። ከሕዝብ በሚመረጡ ፈራጆች ላይ የተደረጉትን ምርምሮች በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመና 44 ሙከራዎችን በአንድነት የመረመረ ጥናት አለ፤ ከችሎቱ በፊት ተከሳሹን የሚያጠቁር ዘገባ ያዩ ሰዎች ካላዩት ይልቅ ጥፋተኛ ነው ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። የሕግ ትምህርት ይህን ዝንባሌ ሊቀንሰው ይችላል። ጨርሶ ያጠፋዋል ማለት ግን ዳኛው ሰው መሆኑን መርሳት ነው።

ከዳኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ ምስክሩ ነው። ጸሐፊው ስለ ዳኛ ሁለት ገጽ ሲጽፉ ስለ ምስክር አንድ ቃል አላነሡም፤ በእኛ አገር ግን አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚቆመውም የሚወድቀውም በሰው ምስክር ነው። አንድ ሰው በጨለማ ለጥቂት ሰኮንድ ያየውን ፊት ከሌሎች መካከል ለይቶ እንዲያወጣ ሲጠየቅ፣ ያ ፊት ለሦስት ቀን በተከታታይ በዜና ታይቶ ከሆነ የሚለየው ከወንጀሉ ቦታ ያስታወሰውን ነው ወይስ ከቴሌቪዥን ያየውን? ምስክሩ ራሱም አያውቀውም። ሳይዋሽ ይሳሳታል፤ በሙሉ እምነት ስለሚናገርም ዳኛው ያምነዋል። የተከሳሹ ፊት ቀድሞውኑ በሁሉም ዘንድ በሚታወቅበት በዝነኛ ሰው ጉዳይ ላይ ደግሞ አደጋው የሚመጣው በነገሩ ዝርዝር በኩል ነው። ምስክሩ ያላየውን ሰዓት፣ ያላየውን የመኪና ቀለም፣ ያልሰማውን ንግግር ከዘገባ ወስዶ በራሱ ትዝታ ውስጥ ይሰፋዋል።

በአያቶቻችን ዘመን ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው በገመድ እየመሩ በመንደሩ ያዞሩታል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ሥርዓቱ የተሻረው ከማስረጃ ጋር ምንም ግንኙነት ስላልነበረው ነው። ያን ጊዜ መንደርተኛው ልጁን እየተከተለ ሲሄድ የሚያየው ወዴት እንደሚወድቅ ብቻ ነበር፤ ለምን እዚያ እንደወደቀ የሚጠይቅ አልነበረም። ካሜራ አንድ ሰው ደጃፍ ሲቆም እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። መገናኛ ብዙኃን ያንጸባርቃሉ እንጂ አይፈጥሩም የሚለው አባባል በከፊል እንኳ ልክ የሚሆነው ስለምን እንደምናስብ የሚመርጥልን አካል ከሌለ ነው። ማክስዌል ማክኮምብስና ዶናልድ ሾው እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት፣ በ1968 የአሜሪካ ምርጫ ላይ በተመሠረተው ጥናታቸው መራጮች ዋና ናቸው የሚሏቸው ጉዳዮች መገናኛ ብዙኃን ቦታ ከሰጧቸው ጉዳዮች ጋር እጅግ እንደሚመሳሰሉ አሳይተዋል። በችሎት ዘገባም እንዲሁ ነው፤ ስለ ማን እንደምናዝን፣ ስለ ማንስ ጭራሽ እንደማናስብ የሚወሰነው ካሜራው ወደ ማን በዞረበት ነው።

ለዚህ ጸሐፊው ራሳቸው ካቀረቡት ምሳሌ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ አንድ ወጣት የጎዳና ተዳዳሪ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ቴዎድሮስ ካሣሁን፣ ሁላችንም ቴዲ አፍሮ የምንለው ድምፃዊ፣ ገጭቶ አመለጠ በሚል በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ታሰረ። ክሱን ክዶ ተከራከረ። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ 6 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ቅጣቱ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ተደረገ፤ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ከቃሊቲ ወጣ። ጸሐፊው ሕዝቡ ዘገባው ምንም ቢል ከድምፃዊው ጎን መቆሙን ጠቅሰው፣ «እነሆ፣ ሕዝብ በራሱ ያስባል» ይላሉ።

እኔ በዚያ ዓመት ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንድም ምስክር ሳይሰማ ሁሉም ወስኖ ነበር። የሚወዱት «ፖለቲካ ነው፣ በዘፈኑ ምክንያት ነው» አሉ፤ የማይወዱት «ዝና ያጠገበው ሰው ነው» አሉ። መዝገቡን ያነበበ በሁለቱም ወገን አልነበረም። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ሟቹ ወጣት የነበረን ዕውቀት «የጎዳና ተዳዳሪ» ከሚለው ቃል አላለፈም። ስለ ድምፃዊው ጤና፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ እስር ቤት ምግቡ የሚያወራ ሰው በየቡና ቤቱ ነበር፤ የሟቹን ስም የሚያስታውስ ሰው ግን እስከ ዛሬ ገጥሞኝ አያውቅም። ድምፃዊው ጥፋተኛም ይሁን ንጹሕ፣ አንድ ወጣት መሞቱ የሚያከራክር አልነበረም። ለአንዱ ሰው የእያንዳንዱን ቀጠሮ ዝርዝር፣ ለሌላው አንዲት የወል መጠሪያ የሰጠ ዘገባ ሕዝቡ ማንን እንደሚያይ ወስኗል። ሕዝቡ በፍቅር መፍረዱ በጥላቻ ከመፍረድ ይሻላል ልንል እንችል ይሆናል፤ ሁለቱም ግን ከማስረጃ በፊት የመጡ ናቸው።

በዚያው ጉዳይ ላይ የተዘጋው በር ያስከተለውንም ማንሣት አለብኝ። ዕንቁ መጽሔት ስለ ጉዳዩ የፊት ገጽ ጽሑፍ ይዞ ሲወጣ 10,000 ቅጂው በፖሊስ ተያዘ፤ አሳታሚውም ታሰረ። አዲስ ነገር ጋዜጣ የተከላካይ ጠበቃውን ቃለ ምልልስ በማተሙ ዋና አዘጋጁ ችሎት በመድፈር ጥፋተኛ ተብሎ የአንድ ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት። በጽሑፍ የሚናገሩት፣ ስማቸውን አስቀምጠው ኃላፊነት የሚወስዱት እንዲህ ሲገፉ ባዶውን ቦታ ማን ሞላው? በየታክሲው የተወራው ሁሉ ሞላው። ከዚህ የምማረው ዘገባ ኃይል የለውም የሚለውን አይደለም፤ ጥንቁቁ ዘገባ ሲጠፋ ኃይሉ ወደ ግድ የለሹ መተላለፉን ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የተሰራጨውን ወሬ ፍርድ ቤቱ ከዓመት በኋላ በሚያወጣው ውሳኔ የሚመልሰው የለም።

ጸሐፊው ስለ ሕዝብ ኅሊና ሲናገሩ ኅሊና የሚመዝነው በተሰጠው ቃል መሆኑን ዘንግተዋል። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ።

በወንጀል ሂደት እያንዳንዱ ቃል የራሱ ደረጃ አለው። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ምርመራው ካላለቀ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ሊፈቅድለት ይችላል። በዜና «ፍርድ ቤቱ በአርቲስቱ ላይ የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ሰጠ» ሲባል ግን በእኛ ሰፈር የሚሰማው «14 ቀን ተፈረደበት» ሆኖ ነው። ዋስትና ሲከለከል «ጥፋቱ ከባድ ስለሆነ ነው» ይባላል፤ ክስ ሲመሠረት «ተረጋገጠበት» ይባላል። ከሁሉም የከፋው «ይከላከል» የሚለው ብይን ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ፍርድ ቤቱ የቀረበው ማስረጃ መልስ የሚያስፈልገው መሆኑን ካመነ ተከሳሹ መከላከያውን እንዲያሰማ ያዝዛል፤ ካላመነ በነፃ ያሰናብተዋል። ይህ የመንገዱ እኩሌታ ነው፤ የተከሳሹ ወገን ገና አልተሰማም። «እንዲከላከል ተበየነ» የሚለው ዜና ግን በማግስቱ «ጥፋተኛ ተባለ» ሆኖ ይዞራል። በመውጫውም በኩል «በዋስ ተለቀቀ»፣ «ክሱ ተቋረጠ»፣ «በአመክሮ ተፈታ»፣ «በይቅርታ ተፈታ» እና «በነፃ ተሰናበተ» አምስት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ በዜና ሁሉም «ተፈታ» በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላሉ። በነፃ የተሰናበተው ሰው ንጽሕናው በዚያች ቃል ውስጥ ይሰጥማል።

እኔም በጀማሪነቴ ይህን ጥፋት ፈጽሜአለሁ። በምሠራበት የዜና ክፍል ስለ አንድ በአካባቢው የታወቀ ሰው «ሰነድ በማጭበርበር ተያዘ» ብዬ ጻፍኩ፤ ርእሱ አጭር እንዲሆን ስለተፈለገ «አጭበርብሯል በሚል ተጠርጥሮ» የሚለውን ቆረጥኩት። በአማርኛ «በማጭበርበር ተያዘ» ማለት ማጭበርበሩን እንዳለቀ ነገር አስቀምጦ የቀረውን መያዙን ብቻ ዜና ማድረግ ነው። አንባቢው የሚከራከርበት ነገር አይተውለትም፤ ጥፋቱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ታወቀ ነገር አልፏል። ዐቃቤ ሕግ በኋላ ክስ አልመሠረተም። ያን ርእስ የጻፈችው እጅ የእኔ እንደነበረች እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ አንድ ቃል መቁረጥ ቀላል ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝም እቆጣለሁ።

የአክብሮት አነጋገራችንም እንዲሁ ይፈርዳል። ድምፃውያንንና ተዋንያንን «አለ፣ ሄደ» ብለን የምንጠራቸው በፍቅር ስለሆነ እነርሱን ልተዋቸው። ባለሀብትን፣ ባለሥልጣንን፣ ሐኪምን ግን ትናንት «ገለጹ፣ አስታወቁ» ስንል ቆይተን በተያዙ ማግስት «አቶ» ወይም «ዶክተር» የሚለው ይወድቅና «ተናገረ፣ ካደ» ይሆናል። ይህን ለውጥ ያዘዘ ዳኛ የለም። አንድ ሰው ከአንቱታ የሚወርድበትን ቀን የመረጠው ዜና አንባቢው ነው፤ የመረጠውም ከፍርዱ ቀን ብዙ አስቀድሞ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ከፍተኛ መኮንን እጃቸው በካቴና ታስሮ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ በብሔራዊ ቴሌቪዥን ስናይ በእኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ የነበረ ሰው ሁሉ «አለቀለት» አለ፤ «አለቀላቸው» ያለ አልነበረም። ያን ቀን ክስ እንኳ አልተመሠረተም ነበር።

ዝናውን ራሱ ስላመጣው ይቻለው የሚለው ሦስተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች ሲናገር ዝነኛና ዝነኛ ያልሆነ ብሎ አይለይም፤ ጥፋተኛ እስኪባሉ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት የሁሉም ነው። ደግሞም ዝናው ሁልጊዜ የተከሳሹ አይደለም። የሕንዱ ተዋናይ ሱሻንት ሲንግ ራጅፑት እ.ኤ.አ. በ2020 በሙምባይ ሲሞት ዝናው የሟቹ ነበር፤ መከራው ግን በወዳጁ በተዋናይት ሪያ ቻክራቦርቲ ላይ ወረደ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለወራት ገዳይ አድርገው ሣሏት፤ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ክስ አንድ ወር ያህል ታስራ በዋስ ወጣች። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 እንዲህ ያለው በሚዲያ የሚካሄድ ችሎት በፍትሕ ሥራ ውስጥ ጣልቃ የሚገባ መሆኑን ወሰነ። የአገሪቱ ማዕከላዊ የምርመራ ቢሮ በ2025 ምርመራውን ሲዘጋ የሌላ ሰው እጅ እንዳለበት የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ያን ሁሉ ጊዜ እዚህ በአማርኛ የሚተረጉሙ የዩቲዩብ ቻናሎች በቀይ ቀስትና በቀይ ክብ ያጌጠ ምስሏን እየለጠፉ «ጉዱ ወጣ» ይሉን ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ስለ ዝነኞች መዘገብ ራሱ ክፉ አይደለም። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶችን በወሲብ ይበድላል ተብሎ በተወነጀለው አሜሪካዊ ድምፃዊ አር ኬሊ ላይ ጋዜጠኛው ጂም ዴሮጋቲስ በቺካጎ ሰን ታይምስ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። ድምፃዊው በ2008 በነፃ ተሰናበተ፤ ጋዜጠኛው ግን ተበዳዮቹን መስማት አልተወም፤ በመጨረሻም በ2021 በኒው ዮርክ ጥፋተኛ ተብሎ በማግስቱ ዓመት 30 ዓመት ተፈረደበት። ልዩነቱ ዘጋቢው ሰነድ ማገላበጡ፣ ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቁ፣ የሚከሰሰውንም ወገን መልስ መፈለጉ ነው። ሥራው ዝምታን ሰበረ እንጂ በካቴና ፎቶግራፍ አልነገደም።

አራተኛው ሐሳብ፣ ችሎት በቀጥታ ይተላለፍ የሚለው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚማርክ ነው። ሕገ መንግሥቱ ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ የግል ሕይወትን፣ የሕዝብ ሞራልንና የአገር ደኅንነትን ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር አይዘጋም። በልደታ የችሎት ክፍሎች ቦታ አጥቶ ደጅ የቆመ ቤተሰብ ላየ ሰው ካሜራው መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የተሞከረበትን ቦታ እንይ። የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን በመግደል የተጠረጠረው የአሜሪካ እግር ኳስ ኮከብ ኦ. ጄ. ሲምፕሰን የነበረበትን መኪና ፖሊስ ሲከተል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994 ወደ 95 ሚሊዮን የሚጠጋ አሜሪካዊ ተመለከተው፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ችሎት እስከ ጥቅምት 1995 ድረስ በቀጥታ ታየ። ሁሉም አንድ ምስክር፣ አንድ ጓንት፣ አንድ ዳኛ አዩ፤ ግን አብዛኛው ነጭ ጥፋተኛ ነው ሲል አብዛኛው ጥቁር ነፃ የተባለበትን ፍርድ ተቀበለ። ካሜራው አሉባልታን አላጠፋም፤ እያንዳንዱ ቀድሞ የያዘውን የሚያጸናበት ቁራጭ ሰጠው። በ1997 በተፈረደው የፍትሐ ብሔር ክስ ዳኛው ካሜራ አላስገባም። ካሜራ መከልከሉም ብቻውን አይበቃም፤ በ2005 የማይክል ጃክሰን ችሎት ያለ ካሜራ ሲካሄድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተዋንያን ቀጥረው የዕለቱን ምስክርነት እንደ ድራማ አሠሩት።

ለእኛ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው፤ እንደ እኛ ጁሪ የሌለባት፣ ዳኛ የሚፈርድባት አገር ናትና። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍቅር ጓደኛውን በመግደል በተከሰሰው በሯጩ ኦስካር ፒስቶሪየስ ችሎት ላይ ፍርድ ቤቱ ስርጭቱን ቢፈቅድም በልክ ነበር፤ የተከሳሹና የእርሱ ምስክሮች ድምፅ እንጂ ምስል አልተላለፈም። ያም ሆኖ ለዚህ ችሎት ብቻ 24 ሰዓት የሚሠራ ቻናል ተከፈተ፤ የተከሳሹ ልቅሶና ትውከት በየቤቱ ተሰማ፤ ሰውም ስለ ልቅሶው እውነተኛነት ተከራከረ። ዳኛ ቶኮዚሌ ማሲፓ ከግድያ ወንጀል ነፃ አድርገው በቸልተኝነት በመግደል ጥፋተኛ ሲሉት ከፍተኛ ስድብ የወረደባቸው ችሎቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ ከሚል ሕዝብ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 ውሳኔውን ወደ ግድያ ቀይሮታል፤ የቀየረው ግን በሕግ ትርጓሜ ነው፤ ሕዝቡ የተሳደበው በልቅሶው ነበር።

አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲከራከሩ ችሎቱ ደጅ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማ ነበር። ነገር ግን የቆመ ሰው ከሳሹንም ተከሳሹንም በተራ ሰምቶ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንድ የሦስት ሰዓት ክርክር ወደ ቲክቶክ የሚደርሰው በ30 ሰኮንድ ነው፤ የትኛው 30 ሰኮንድ እንደሚሆን የሚመርጠው ደግሞ ክርክሩን የሰማ ሰው መሆኑ እንኳ አይታወቅም። እኔ ከካሜራ በፊት የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ውሳኔዎች ሙሉ ቃላቸው በተሰጡበት ቀን ለሁሉም ይውጣ፤ ፍርድ ቤቶች ብይንና ፍርድን ለይቶ በተራ ሰው አማርኛ የሚያስረዳ ሰው ያቁሙ፤ የዜና ክፍሎችም ልደታ የሚውል፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ያነበበ ዘጋቢ ይመድቡ። ከፖሊስ መግለጫ ብቻ የሚሠራ ዜና የአንድ ወገን ዜና ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ነፃ የወጣ ሰው ዜናው ይታረምለታል የሚለው፣ ከታሪክም ከሰፈሬም ጋር አይገጥምም። የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ኮሜዲያን ሮስኮ አርባክል እ.ኤ.አ. በ1921 በአንዲት ተዋናይት ሞት ተከሰሰ፤ የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጦች ለወራት ነገዱበት። ሦስት ጊዜ ችሎት ቀረበ፤ በሦስተኛው፣ በሚያዝያ 1922፣ ፈራጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ነፃ ብለውት ሲያበቁ በደል እንደተፈጸመበት የሚገልጽ የይቅርታ ቃል ጭምር ጽፈው ሰጡ። ከስድስት ቀን በኋላ ፊልሞቹ እንዳይታዩ ታገዱ። ሕጉ የሚችለውን ሁሉ አድርጎለት ነበር፤ ከዚያ በላይ ነፃ መውጣት አይቻልም።

በእኛ ብሎክ ያለ አንድ ወጣት ዝነኛ አልነበረም። አንድ ታዋቂ ሰው በተከሰሰበት መዝገብ ውስጥ በሥራው ምክንያት ስሙ ተጠቅሶ ከሌሎች ጋር በዜና ታየ፤ ካሜራው ፊቱ ላይ የቆየው አራት ወይም አምስት ሰኮንድ ቢሆን ነው። ሰባት ወር ቂሊንጦ ቆይቶ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። የተሰናበተበት ቀን ዜናው ስለ ዋናው ተከሳሽ ብቻ ነበር፤ ስለ እርሱ የተነገረ አልነበረም። እናቱ የብይኑን ግልባጭ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፤ ዕድር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ አውጥታ ታሳያለች። አንድ ዜና የወሰደውን ስም ለማስመለስ አንዲት እናት ወረቀት ይዛ ሰው በሰው ማስረዳት ካለባት ዜናው ታርሟል አይባልም።

ጸሐፊው ዕርማት እንደሚቻል ስለሚያምኑ በጽሑፋቸው ውስጥ ያገኘኋቸውን ሁለት ስሕተቶች ቢያርሙ ደስ ይለኛል። የሆሊውድ ተዋንያኑን የጆኒ ዴፕንና የአምበር ኸርድን የ2022 ችሎት ከወንጀል ችሎቶች ጋር ደርድረውታል፤ ያ የስም ማጥፋት የፍትሐ ብሔር ክርክር ነበር፤ ማንም በወንጀል አልተከሰሰም፤ ማንም ጥፋተኛ ወይም ነፃ አልተባለም። ስለ ቴዎድሮስ ካሣሁን ሲጽፉም «6 ዓመት የተፈረደበት» ብለው አልፈዋል፤ ይግባኙን፣ ወደ 2 ዓመት መውረዱን አልጠቀሱም። ዕርማቱን ስሕተቱ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲያወጡት እጠይቃለሁ።